ልጄን ከፈረንጆቹ ጦርነት ለማስቀረት ወደ ሆሞሻ

የጨው ነጋዴዎቹ ከአሶሳ ሲመለሱ መጀመሪያ በቅሎዎቹን አየሁ፤ ሁሉም አሉ። ቀጥዬ ሰዎቹን አየሁ፤ አንድ ጎደለ። የጎደለው ደምሴ ነው፣ የመጀመሪያ ልጄ።

«የት አላችሁት?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው፣ «ደኅና ነው፤ አሶሳ ቀረ። ከድንበሩ ማዶ ለፈረንጆቹ ጦርነት ግመልና በቅሎ የሚነዳ ሰው ይፈለጋል ሲሉ ሰማና ልቡ ተነሣ» አለኝ።

ስለዚያ ጦርነት እኛ ወምበራ ያለነው የምናውቀው ጥቂት ነበር። እንግሊዝ ከጀርመንና ከቱርክ ጋር ተጣልቷል፣ የቀሩትም ነገሥታት ተራ በተራ ገብተውበታል ይባላል። በገበያችን ግን የታየን የአቡጀዲ መወደድ ብቻ ነበር። ልጄን ይነካል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለቤቴ፣ «ጢም ያበቀለ ሰው ነው፤ ሲርበው ይመጣል» አለ። እሱም ቢሆን በዚያ ሰሞን ጤፉን ሊጠብቅ ወጥቶ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አያነሣም ነበር። ሰብሉን ትቶ መሄድ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወንድሙ አያ ታምሩ ጨው ጭኖ ሊወርድ መሆኑን ስሰማ፣ እኔም እወርዳለሁ አልኩ።

ይህን የምጽፈው የማኅበራችን ሴቶች እንዴት ሄድሽ፣ ምን በላሽ፣ ምን አየሽ እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። አንዴ ተጽፎ ቢነበብላቸው ይሻላል።

ቆላው

ስንቄ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። ለንዳድ መከላከያ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያዝኩ። ሁለት ገመድ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መርፌ ያዝኩ። አያ ታምሩ ጭነቱን አይቶ፣ «የደምሴ እናት፣ ልጅሽን ልታመጪ ነው ወይስ ልትድሪው?» አለኝ። የመቀመጫውን ጠፍር ሁለተኛ ስፈትሸው ደግሞ፣ «በቅሎዋ ታፍራለች፤ ተያት» አለ።

ከደጋው አፋፍ ስንወርድ ይዞኝ የነበረው ጉንፋን ለቀቀኝ፤ በምትኩ ሙቀቱ ያዘኝ። ሣሩ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰውራል። ከሣሩ ቀጥሎ የቀርከሃ ጫካ ነው፤ ነፋስ ሲመታው እንደ በር ሲጥጥ ይላል፣ በሰማሁት ቁጥር ዞር እላለሁ። የጉሙዝ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩን ወደ ጫካው ገለል ይሉ ነበር። መጀመሪያ ከፋኝ። አያ ታምሩ ግን፣ «ከደጋ በበቅሎ የመጣ ሰው ስንት ጊዜ ልጆቻቸውን እንደወሰደባቸው ብታውቂ አንቺም ገለል ትዪ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልከፋኝም። ከዚያ በኋላ ሰው ባየን ቁጥር ነጋዴዎቹን ቀድሜ እጅ እነሣ ጀመር፤ ሴት መሆኔን ሲያዩ አንዳንዶቹ ቆሙ። አንዲት ሴት አንድ ቅል ውኃ ሰጠችኝ፣ እኔም ጨው ቆርሼ ሰጠኋት።

አባይ

አባይ ከክረምቱ ገና አልጎደለም ነበር። የሚያሻግሩት ከቀርከሃ በታሰረ ታንኳ ነው፤ በቅሎዎቹ በገመድ ተይዘው እየዋኙ ይከተላሉ። ዋጋው ለሰውም ለጭነትም ጨው ነው። እስሩን ልፈትሽ ጎንበስ ስል አሻጋሪው፣ ረጅም የጉሙዝ ሰው ነው፣ እጄን ይዞ መለሰኝ።

«ውኃ አትይ» አለኝ። «እኔን እይ።»

እሱን አየሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ስለሚቀዝፍ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ ትከሻው ላይ በረድፍ የተበጣውን ጌጥ ሁሉ ዛሬም አልረሳሁትም። ማዶ ስንደርስ አያ ታምሩ፣ «እንግዲህ አባይ ምን ይመስላል ብለው ቢጠይቁሽ ጥቁር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ብጣት አለው በያቸው» አለ። አሻጋሪው ምን እንዳለ ጠይቆ ሲነገረው ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

የዳቡስን ወንዝም በዚያው ዓይነት ተሻገርን። ያን ጊዜ ውኃውን በዓይኔ ጫፍ ትንሽ አየት አድርጌ ነበር።

መንጌ

በመንጌ ሴቶች ከወንዙ ዳር አሸዋ በእንጨት ገበታ እያጠቡ ወርቅ ይለቅማሉ። ገበታውን ያዞሩታል፣ ያጋድሉታል፣ ውኃው አሸዋውን ይዞ ይሄዳል። ከስር የምትቀረው ከሰናፍጭ ታንሳለች። የለቀሙትን በላባ ቀሰም ውስጥ ያጠራቅሙታል። ከጎናቸው ተቀምጬ እግሬን ውኃ ውስጥ ከተትኩና የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ደምሴ?» አለች አንዷ። «የሚያፏጨው?»

እሱ ነው። በቤታችን ፉጨት እባብ ይጠራል እየተባለ ከልጅነቱ ጀምሮ እንቆጣዋለን፤ አልተወም። በበቅሎ ፊት ያፏጫል፣ በላም ፊት ያፏጫል፣ አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አፏጭቶ አባቱ አፍሮበታል። መንጌ ላይ ግን በፉጨቱ ስለተገኘ በልቤ ይቅር አልኩት።

«ወደ አሶሳ ሄደ» አለች ሴትዮዋ። «ከሰው ጋር። ጥሩ ልጅ ነው፤ የበቅሎ ገመድ ሁለቴ ነው የሚያይ።»

ስለ ጦርነቱም ጠየቅኳቸው። ከማዶ ጨርቅ ይዘው የሚመጡት ዓረቦች ከሦስት አንዱ እንኳ አይመጡም አሉኝ፤ የሚመጣውም ለቁራጭ ጨርቅ ሙሉ ቀሰም ወርቅ ይጠይቃል። ያችው ሴት እርጥብ ግልድሟን አሳየችኝ፤ ከተለያየ ቁራጭ የተሰፋ ነው።

«ጦርነት ሩቅ ነው ይላሉ» አለች። «ጨርቁ ግን እዚህ ነው የጠፋ።»

አሶሳ

አሶሳ የገባነው በገበያ ቀን ነው። ማንጎ ዛፎቹ ሥር ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ባሚያ፣ የቀርከሃ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ዓረብኛው፣ በርታው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው አንድ ላይ ይጮኻል። ጨው እኛ ዘንድ ካለው ዋጋ እጥፍ ያወጣል፤ አያ ታምሩ ፊቱ በራ። እኔ የማየው ግን የወጣት ወንዶችን ፊት ብቻ ነበር።

ነጋዴዎቹ ወደ ሐጂ ሙሳ ወሰዱኝ። ሐጂ ሙሳ የበርታ ሰው ነው፤ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ፣ ጨርቅ ሲጠፋ ሰሊጥ የሚሸጥ ሽማግሌ። በወጣትነቱ አንድ ጊዜ መካ ደርሷል። ዳግም ለመሄድ ተነሥቶ ሳለ ጦርነቱ ከመንገድ መለሰው። ሰሊጥ በእፍኝ ሰጠኝና እንድቀመጥ አደረገ።

«ማን ከማን ነው የሚዋጋው?» አልኩት።

«ሁሉም ከሁሉም» አለኝ። «እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያ አንድ ወገን። ጀርመንና የእስታንቡሉ ሱልጣን አንድ ወገን። መርከቡ ብረት ነው። ደግሞ አንድ መርከብ አለ ይላሉ፤ ወላሂ እኔ አላየሁም፤ ከውኃ በታች ይሄዳል። እንደ አዞ። አንተ ከላይ ትጸልያለህ፣ እሱ ከታች ይመጣል። ጠመንጃውም አንድ ሰው ተቀምጦ የአንድ ሰፈር ሰው ይጥልበታል።»

«እኛ ምን አገባን?»

«ግመልን ምን አገባው?» አለ። «እንግሊዝ ይንዳህ ወይስ ቱርክ ብለህ አትጠይቀውም። ጭነቱ ያው ነው፤ ይጫናል፣ ይሄዳል። ሰውም አሁን እንደዚያ ሆነ።»

ከዚያ የፈራሁትን ነገረኝ። ከማዶ የመጣ ደላላ ነጂዎችን ሰብስቦ ወደ ሆሞሻ ወጥቷል። ከእነሱ ጋር አንድ የሚያፏጭ ደገኛ ነበር። ከሆሞሻ ኩርሙክ ቅርብ ነው፤ ከኩርሙክ ማዶ ሱዳን ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅሽ ወደየትኛው ጦርነት እንደተነዳ የሚነግርሽ የለም አለኝ።

እፍኙን ሰሊጥ ሳልበላው በጨርቄ ጫፍ ቋጠርኩት። አያ ታምሩ ጨዉን ሸጦ ሳይጨርስ የቀረውን ለጓደኞቹ ትቶ ተነሣ። መንገዱን ሁሉ አልቀለደም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሆሞሻ

ወደ ሆሞሻ ስንቃረብ ድምፅ ሰማሁ። የከብት መሰለኝ፣ ቀጥሎ የወፍ መሰለኝ። ስንጠጋ ወንዶች በረድፍ ቆመው መለከት ሲነፉ አየን። መለከቱ ከቅል ነው፤ ቅል በቅል ላይ ተቀጣጥሎ በቀርከሃ ልጥ ታስሯል። የመጀመሪያው ከሰው ቁመት ይረዝማል፣ የመጨረሻው ክንድ አያክልም። እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ሲያቆም ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ ያን ሌላው፤ ዜማው እንደዚያ ተያይዞ ይሄዳል።

ከመካከላቸው አንዱ ጉንጩን እንደ እንቁራሪት ነፍቶ ቆሟል። ደምሴ ነው።

ከበቅሎዬ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አየኝ፤ ግን መለከቱን ከአፉ አላነሣም። ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ዜማው ሲያልቅ ሮጦ መጣ።

«እማ፣ አባዬ ምን ሆነ?»

«አባትህ ደኅና ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ደኅና አይደለሁም» አልኩት። ከዚያ ጉንጩን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ አሁንም ትኩስ ነበር።

አያ ታምሩ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «እኛ በሐሳብ ልናልቅ፣ አንተ ሠርግ ቤት ትነፋለህ» አለው። ቀልዱ ሲመለስለት የእኔም ትንፋሽ ተመለሰልኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ደላላው እዚያው፣ ከመንደሩ ጫፍ ካለው ዛፍ ሥር ሰፍሯል። ደምሴ ለመሄድ ቃሉን ሰጥቷል። ደላላው የሚጠብቀው የማሽላው መግቢያ በዓል እስኪያልፍ ነው፤ የቀጠራቸው የመንደሩ ሰዎች ከዚያ በፊት አይነቃነቁም። በዓሉ ባለፈ ማግስት ሁሉም ወደ ኩርሙክ ይወጣሉ፣ ልጄም ከእነሱ ጋር።

የሐዋ ቤት

ደምሴ ያረፈው ሐዋ ከምትባል የበርታ ሴት ቤት ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁላችንንም አንተ ትላለች።

«አንተ እናት ነው» አለችኝ በሩ ላይ። ጥያቄ አልነበረም። «ቁጭ በል። ብዙ ቆየህ።»

የሚቀርብልኝ ሥጋ ቢሆንስ ብዬ መንገዱን ሁሉ ስጨነቅ ነበር፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ። ጾመ ነቢያት መግባቱ ገላገለኝ። ጾም ነው ስላት ሐዋ ስለ ጾም ከእኔ ይልቅ እንደምታውቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያና በሰሊጥ ዘይት አቀረበች። ሁለታችንም ከአንድ ገበታ በላን።

ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። ደምሴ የሚነፋው መለከት የልጇ የእድሪስ ነው። እድሪስ ከዚህ በዓል አንድ ዓመት በፊት እንዲሁ ከደላላ ጋር ወደ ማዶ ሄደ፤ እስካሁን ወሬው የለም። በመንደሩ ወግ መለከቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲሁ አያነሣውም። ስለዚህ በዓሉ ሲቀርብ ወንዶቹ ያለ እድሪስ ይለማመዱ ጀመር።

«ዜማ ያነክሳል» አለች። «እኔ ቤት ውስጥ ነው፣ ጆሮ ይሰማል። እዚህ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው። በየቀኑ ባዶ ነው።»

አንድ ቀን ያ ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፅ መጣ። ወጥታ ስታይ፣ ከደላላው ጋር የመጣ አንድ ደገኛ በቅሎ እያራገፈ ያፏጫል። ዜማውን አንዴ ሰምቶ የጎደለውን ሳያስበው ይሞላዋል። ወንዶቹ መንፋታቸውን አቁመው አዩት። ሐዋ ገብታ የእድሪስን መለከት አወረደችና እጁ ላይ አኖረችው።

«መለከት የያዘ ሰው» አለችኝ፣ «በዓል ሳያልፍ መንደር አይወጣም። ይህን እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

«እናት አለው አልኩ። በቅሎ ሲጭን ገመድ ሁለቴ ያያል። ይህ የእናት ሥራ ነው። እናት ይመጣል አልኩ፤ በዓል እስኪደርስ እናት ይመጣል። ሐምዱሊላህ፣ መጣህ።» ከዚያ ገበታውን ወደ እኔ ገፋች። «ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም። የአንተ ነው።»

 ሰሊጤን ከጨርቄ ፈትቼ ሰጠኋት፤ ሌላ ያለኝ አልነበረም።

በዓሉ

ደምሴን በእነዚያ ቀናት አልለመንኩትም። ልለምነው ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሐዋ ሦስት ጊዜ ቀሚሴን ይዛ አስቀምጣኛለች። «የተለመነ ልጅ ይሄዳል» ትለኛለች። «የእኔን ለመንኩ።» ስለዚህ ልብሱን አጠብኩ፣ እጀ ጠባቡን ጠገንኩ፣ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ዝምታው ከበደኝ።

የበዓሉ ዕለት መንደሩ ሁሉ ወጣ። አዲሱ ማሽላ ተቀቅሎ ለልጅ፣ ለሽማግሌ፣ ለእንግዳ ታደለ። መለከቶቹ መነፋት ጀመሩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ዞሩ፤ እኔም ዳር ቆሜ የእድሪስ ድምፅ የሚገባበትን ቦታ መጠበቅ ጀመርኩ። ሲገባ ሐዋ ዓይኗን ትጨፍናለች። በመጣ ቁጥር ትጨፍናለች። ለእሷ ልጇ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይገባና ይወጣ ነበር። እኔ ልጄን በዓይኔ እያየሁ መቆሜ ያን ጊዜ ከበደኝ፤ እጇን ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት መለከቶቹ ተወልውለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ደምሴ የእድሪስን ከሐዋ ቤት ምሰሶ ላይ ሰቀለ። ደላላው ነጭ ጥምጥሙን አስተካክሎ በር ላይ ቆሟል፤ ግመሎቹ ተጭነዋል።

«እንሂድ» አለው።

ደምሴ የሰቀለውን መለከት እንደገና ነካ አድርጎ ማሰሪያውን አየ። ከዚያ ዞረ።

«አልችልም» አለ። «እናቴ አባይን ብቻዋን አትሻገርም። ውኃ ትፈራለች።»

አያ ታምሩ አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ ያሻገርኳት ሊል እንደሆነ ገባኝና እግሩን ረገጥኩት፤ በደንብ ረገጥኩት። አፉን ዘጋ።

ደላላው ወደ እኔ ተመለከተ። «እውነት ነው?»

«በጣም እፈራለሁ» አልኩት። ይህ ሐሰት አልነበረም።

ደላላው ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚነዳ ሰው የሚፈልግ ሰው ነበር። ከመንደሩ ጥቂት ወጣቶች ተከትለውት ሄዱ። እናቶቻቸው እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኟቸው። ሐዋም ከሚሄዱት መካከል ልጅ ሳይኖራት አብራ ሸኘች።

መልስ

በአሶሳ በኩል ተመለስን። ሐጂ ሙሳ ደምሴን ከራሱ እስከ እግሩ አይቶ፣ «ይህ ግመል አምልጧል» አለ። አያ ታምሩ ለረገጥኩት እግሩ ካሣ ይገባኛል እያለ እስከ መንጌ አነከሰ፤ ከመንጌ በኋላ በየትኛው እግሩ ማነከስ እንዳለበት ረሳው።

አባይ ዳር ያ ረጅም አሻጋሪ አወቀኝ። ጀርባውን ሰጥቶ ሊቆም ሲል፣ «አሁን ውኃውን አያለሁ» አልኩት። አየሁት። ጥቁር አይደለም፤ እንደ አዲስ የታረሰ መሬት ቀይ ነው። ደምሴ ከኋላዬ ሆኖ ቀበቶዬን ይዞ ነበር። ያፏጭ ነበር፤ ዝም በል አላልኩትም። ከመውረዳችን በፊት አሻጋሪውን አንድ ነገር ለመንኩት፤ ከምዕራብ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ እድሪስ እንዲጠየቅ። መንጌ ላይም ለሴቶቹ፣ አሶሳም ለሐጂ ሙሳ ይህንኑ አደራ ብዬ ነበር።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ደምሴን አይቶ፣ «ራበህ?» አለው ብቻ። ከዚያ በረቱን አያለሁ ብሎ ወጣና ብዙ ቆየ።

ከመንገዱ ምን ተማርሽ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ጦርነት የሚደርሰው በጠመንጃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ያየሁት ግን አንድም ጥይት ሳይጮህ ነው የደረሰው፤ በተጣጣፈ ግልድምና በጎደለ አንድ ድምፅ። ደግሞ ልጄን የጠበቀልኝ የእኔ ሁለት ገመድና ሁለት ቢላዋ አይደለም። የማላውቃት ሴት ናት፤ የራሷን ልጅ መለከት አውርዳ።

ከዚያ በኋላ ስጸልይ ከልጆቼ ስም ቀጥዬ እድሪስ እላለሁ። ቄሱን አልጠየቅኳቸውም።

ጦርነቱ ቆመ የሚል ወሬ ወምበራ ከደረሰ በኋላ፣ ክረምት ወጥቶ የጨው ነጋዴዎቹ ተመለሱ። አንዱ በቅሎውን ሳያራግፍ ወደ እኔ መጣና ትንሽ የሰሊጥ ቋጠሮ ሰጠኝ።

«ከሆሞሻ፣ ሐዋ የምትባል ሴት ናት» አለ። «ቃሉንም እንዳለ አድርስ ብላኛለች። ለደምሴ እናት በል፤ ልጅህ በሚመጣው በዓል መለከት ሊነፋ እንዳይመጣ። ቦታው ተይዟል፤ ባለቤቱ መጣ።»